የፈረስ ጭራና የላስቲክ ቀለበት

ሙያዬ አራሚነት ነው። ሌላው ሰው ጋዜጣ ሲገልጥ ወሬውን ያያል፤ እኔ የማየው የተዘለለውን ነጥብና ቦታውን የሳተውን ሆሄ ነው። አመሉ ከሥራ ሰዓት ውጭም አይለቀኝም። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወጥቼ በሜክሲኮና በአምባሳደር በኩል ወደ አራት ኪሎ ስጓዝ፣ ግድግዳና ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ በሚኒባሱ መስኮት እያነበብኩ በልቤ አርማለሁ። የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሞግዚት ሥራ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ የሚበዛው ግን ያው አንዱ ነበር፦ «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና እናድናለን።» አንዱ «ክንታሮት» ይለዋል፤ ሌላው «ቀዶ ጥግና» ብሎ ጽፎ አርፏል። «እናድናለን» የሚለው ቃል ከማዳንም ከማደንም እንደሚወጣ አስቤ ብቻዬን የሳቅኩበት ጠዋትም ነበር።

አንድ ቀን ስታዲየም አጠገብ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ግን፣ እጄ የአንዱን ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር በማረሚያ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ሲጽፍ ያዝኩት። ያን ጊዜ ዕድሜዬ 46 ነበር። ደም ማየት ከጀመርኩ ደግሞ ሰባተኛ ዓመቴ።

የመጀመሪያው ደም ደማቅ ቀይ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በእጄ የምይዘው የእስክሪብቶ ቀለም ዓይነት። ሕመም አልነበረውም፤ ያዘናጋኝም ይኸው ነው። ላላመመ ነገር ማን ቀጠሮ ይይዛል? ከወራት በኋላ ማሳከክ ተከተለ። ቀጥሎ ሳምጥ የሚወጣ፣ ስነሣ ራሱ የሚመለስ እብጠት መጣ። በመጨረሻው ዓመት አንዳንድ ቀን በራሱ አልመለስ ብሎ በጣት የምመልሰው ሆነ። ከቤት ትራስ ይዤ ቢሮ መሄድ ጀመርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ወገቤን» እላለሁ። የአዲስ አበባ ወገብ በሽተኛ ሁሉ ወገቡን የሚያመው የማይመስለኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ኪንታሮት የሚለው ቃል ራሱ እርማት የሚያስፈልገው ይመስለኛል። በልጅነቴ አውራ ጣቴ ላይ የወጣችውን ጠንካራ እንክብል ኪንታሮት እንላት ነበር። አያቴ ከጋሪ ፈረስ ጭራ አንዲት ዘለላ ነቅላ ሥሯን ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። እንክብሏ ጠቆረች፣ ደረቀች፣ አንድ ቀን ኳስ ስንጫወት ሳላውቅ ወደቀች። ያቺ ኪንታሮት ቫይረስ ቆዳ ላይ የሚያበቅላት ናት። የእኔ የጎልማሳነት ኪንታሮት ግን ከቫይረስ ጋር ዝምድና የለውም፤ የደም ሥር ጉዳይ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን በቃላት ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ነገር ግን ስም መድኃኒትን ይጎትታል። ለጣት ኪንታሮት የሚደረገውን ማቃጠል፣ መቀባት፣ መፋቅ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ወደዚያኛው ያሻገሩት ብዙዎች ናቸው።

ከእነሱ አንዱን አውቃቸዋለሁ። በምሠራበት ማተሚያ ቤት ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ባልደረባ ነበሩ። ትራሴን ለወራት እያዩ ዝም ሲሉ ከርመው፣ ያን ዕለት ከወረቀቴ ጠርዝ ላይ ስልክ ቁጥሩን አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ወንበራቸውን ወደኔ ጠጋ አደረጉ።

«ደወልክላቸው?» አሉኝ።

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

እሳቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደውለው ነበር። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዱቄት መሰል ነገር ቀቡአቸው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እንደ ፍም ሲያቃጥላቸው ሰነበተ። እብጠቱ እውነትም ረግፎ ወደቀ፤ እሰየው አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የተቃጠለው ቦታ ጠባሳ ይዞ መውጫው ጠበበ፤ ሰገራቸው እንደ እርሳስ ቀጠነ፤ ሆስፒታል ገብተው በማደንዘዣ ማስፋት ግድ ሆነ። «ያለ ቀዶ ጥገና ብዬ ጀምሬ በቀዶ ጥገና ጨረስኩት» አሉኝ፣ ትክ ብለው እያዩኝ።

«እና ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?»

ማታውን ለባለቤቴ ነገርኳት። ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ሳቀች። ሁለተኛውን ልጃችንን ስታረግዝ በመጨረሻዎቹ ወራት እሷም ላይ ወጥቶባት፣ ከወለደች በኋላ በጥቂት ሳምንት ራሱ ጠፍቶላት ኖሯል። ማሕፀን ሲከብድ የታችኞቹን የደም ሥሮች ይጫናል፣ ሆድ ይደርቃል፤ ስለዚህ በነፍሰ ጡሮች የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ስትችል እኔ ጎኗ ተኝቼ አላወቅኩም። እሷም የእኔን ሰባት ዓመት አላወቀችም። በአንድ መጸዳጃ ቤት የምንጠቀም ሁለት ሰዎች! «ነገ ትሄዳለህ» አለችኝ፤ ሄድኩ።

የሄድኩበት ሆስፒታል ከቸርችል ጎዳና ብዙ አይርቅም። ካርድ አውጥቼ ተመላላሽ ታካሚዎች ወደሚጠብቁበት ኮሪደር ስደርስ ዓይኔን የሳበው ነገር ነበር። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ግማሹ ባዶ ነው፤ አራት ወንዶች ግን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ክራባት አስሯል፤ አንዱ የሾፌር ጃኬት ለብሷል። ማንም ማንንም አያይም። እኔም አምስተኛ ሆኜ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ነበረች። በሩን ስከፍት ወደ ኋላ መመለስ ቃጥቶኝ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ሰገራ ስትጠይቀኝ ስለ አየር ሁኔታ የምትጠይቅ ያህል ነው። ደሙ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ነው ወይስ ላዩ ላይ? ክብደት ቀንሰዋል? በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የታመመ አለ? መጸዳጃ ቤት ስንት ደቂቃ ይቆያሉ? የመጨረሻው ላይ አፈርኩ። ማረሚያ ወረቀት ይዤ እገባ ነበር፤ ስምንት ገጽ አርሜ የወጣሁበት ቀን አለ።

በግራ ጎኔ አስተኝታ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አሰበሰበችኝ። በጣት መርምራ ፕሮክቶስኮፕ በሚባል አጭር ቱቦ ተመለከተች። ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም፤ አያምም ብዬ አልዋሽም፣ ግን ጥርስ ከማስነቀል በእጅጉ ይቀላል። ስነሣ የማዘዣ ወረቀቷን ገልብጣ ሰዓት ሣለችልኝ።

ኪንታሮት የሚሆነው ነገር ሁላችንም ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው ነው። ፊንጢጣ ውስጥ በደም ሥር የተሞሉ ሦስት ዋና ዋና ትራሶች አሉ፤ በጀርባ ለተኛ ሰው በሰዓት ሦስት፣ ሰባትና አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ይቀመጣሉ። ሥራቸው መውጫውን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ነው፤ ጋዝ እንዳያመልጠን የሚረዱንም እነሱ ናቸው። ለብዙ ጊዜ ስናምጥ፣ ስንደርቅ፣ ስንቀመጥ፣ ዕድሜም ሲገፋ፣ ይዟቸው የነበረው ጅማት ይላላና ትራሶቹ አብጠው ወደ ታች ይንሸራተታሉ። የሚደማ ግን የማይወጣ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ይሉታል፤ ወጥቶ ራሱ የሚመለሰው ሁለተኛ፤ በእጅ የሚመለሰው ሦስተኛ፤ ጭራሽ የማይመለሰው አራተኛ። እኔ በሁለትና በሦስት መካከል ነበርኩ።

ከዚያ በሰዓቷ ሥር አንድ አግድም መስመር ጨመረች። ይህቺ መስመር፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ የከፈተችልኝ ቁልፍ ናት። ከመስመሯ በላይ ያለው የአንጀት ሽፋን ነው፤ መወጠር ይሰማዋል እንጂ የመቆረጥና የመወጋት ሕመም አይሰማውም። ከመስመሯ በታች ያለው ቆዳ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ቢነካ ሰው ከአልጋ ይዘላል። የውስጥ ኪንታሮት ከላይ ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ከመስመሯ በላይ እስከተሠራ ድረስ ያለ ማደንዘዣ፣ ያለ ቢላ፣ በተመላላሽ ክፍል ሊታከም ይችላል። የምሰሶው ሰው ዱቄቱን ሲቀባ ይህቺን መስመር አያውቃትም፤ ጋሼን ሦስት ሌሊት ያስጮሃቸው ይኼ ነው።

«ያለ ቀዶ ጥገና ይቻላል ማለት ነው?» አልኳት። የምሰሶውን ሐረግ አንድ ፊደል ሳላርም መድገሜ የገባኝ ኋላ ነው።

«ይቻላል» አለች። «ግን መጀመሪያ ደሙ ከኪንታሮቱ ብቻ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ «ኪንታሮት ነው» ብዬ ራሴን የመረመርኩ እኔ ነኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ሊደማ ይችላል፤ ኪንታሮት ያለበት ሰው ደግሞ ካንሰር አይዘውም የሚል ሕግ የለም። በተለይ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ክብደት ለቀነሰ፣ ጠቆር ያለ ደም ለሚያይ፣ የአንጀት ልማዱ ለተለወጠ፣ ወይም በቤተሰቡ ታማሚ ላለበት ሰው አንጀትን በካሜራ ማየት ተገቢ ነው። ኮሎኖስኮፒ ታዘዘልኝ። ስለ ዋዜማው ሌሊት ብዙ አልጽፍም፤ ሊትር በሊትር የሚጠጣው ማጽጃ ጨው ጨው ይላል፣ ውኃ ደግሞ ያን ቀን ኮንዶሚኒየማችን ተራው አልነበረም። በጀሪካን ያጠራቀምነው ሁሉ አለቀ። ጎረቤት ሁለት ጀሪካን ሲያበድረን «እንግዳ መጣባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር። ያን ወረቀት ሳነብ ነው ስፈራ የኖርኩት ምን እንደነበር ለራሴ ያመንኩት።

ቀጠሮዬ እስኪደርስ እንደ ልማዴ አነበብኩ። ቢላ ሳይነሣ ኪንታሮትን ለማከም ሰው ያልሞከረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ደብሊን ውስጥ አንድ ሐኪም መርፌ ጀመረ፤ ዛሬም ፌኖል የሚባል ኬሚካል በዘይት ተበጥብጦ ከትራሱ ሥር ይወጋል፣ ቦታው ጠባሳ ይዞ ይሰበሰባል፣ ደሙ ይቆማል። ለትናንሾቹ ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃንም አለ፤ እሱም ለትናንሾቹ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓኖች በዶፕለር፣ ማለትም የደምን ፍሰት በሚያሰማ መሣሪያ፣ ወደ ኪንታሮቱ የሚገቡትን የደም ቧንቧዎች እያዳመጡ በክር መቋጠር ጀመሩ፤ ይህ ማደንዘዣ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጣሊያናዊው ሎንጎ የወጣውን ሽፋን ወደ ላይ ጎትቶ በስቴፕለር የሚሰፋ መሣሪያ አስተዋወቀ። ሕመሙ ከቢላ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኪንታሮቱ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ከስንት አንዴም ከባድ ጉዳት አድርሷል፤ ስለዚህ የጀመረው ሞቅታ በረድ ብሏል። ቢላው ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ለንደን ውስጥ ሚሊጋንና ሞርጋን በጻፉት መንገድ፣ እስከ ዛሬ ለአራተኛ ደረጃና ለግትሮቹ ሦስተኛዎች ዋናው መፍትሔ ነው። ሳምንታት ያማል፤ ግን ተመልሶ የሚመጣው ከሁሉም ያነሰ ነው። ቢላን ያጣጣልኩ እንዳይመስል ይህን እጽፋለሁ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ማሰሪያው ነው። በጥንታዊው ግሪክ በሂፖክራቲስ ስም በተላለፉት ጽሑፎች ኪንታሮትን በሱፍ ክር ስለማሰር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ አሜሪካዊው ባሮን ክሩን በላስቲክ ቀለበት የሚተካ ቀላል መሣሪያ ይዞ ቀረበ፤ ከ60 ዓመት በኋላም በብዙ አገር በተመላላሽ ክፍል ከሁሉ በላይ የሚሠራበት እሱ ነው። ሐሳቡ የአያቴ ነው፦ ሥሩን እሰረው፣ ደም ይቋረጥበት፣ ይጠቁር፣ ይውደቅ። አያቴ መስመሯን አላወቀችም እንጂ የፈረስ ጭራዋን ይዛ በትክክለኛው በር ላይ ቆማ ነበር።

ቀጠሮዬ ደርሶ፣ ቀለበቷን ከማሰሯ በፊት እንድታሳየኝ ዶክተሯን ለመንኳት። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ላስቲክ፣ መሐሏ እንደ መርፌ ቀዳዳ። በሾጣጣ ብረት አስፍታ ከአንድ አጭር ቱቦ አፍ ላይ አጠለቀቻት። እንደገና በግራ ጎኔ ተኛሁ፤ ፕሮክቶስኮፑ ገባ፤ አየር የሚስብ ድምፅ ሰማሁ። ቱቦው እብጠቱን ወደ ውስጡ ጎትቶ ያዘው።

«አሁን ይወጋል? ያማል?» አለችኝ።

«ይወጥራል እንጂ አያምም።»

«ጥሩ። ካመመ ይንገሩኝ፤ ዝቅ ብያለሁ ማለት ነው፣ ወዲያው አወጣዋለሁ።»

ጠቅ። የእስክሪብቶ ክዳን ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ቀለበቷ ከቱቦው ወርዳ የእብጠቱን አንገት ያዘች። ሁለተኛው ጠቅ ተከተለ። ለዛሬ ሁለት ይበቃል፣ ሦስተኛውን ከስድስት ሳምንት በኋላ አለችኝ። ስነሣ ትንሽ ላብ ላብ ብሎኝ ዞረብኝ፤ ይህም የሚያጋጥም ነውና አምስት ደቂቃ ጋደም በል ተባልኩ። ካርድ ክፍል ሁለት ሰዓት፣ ኮሪደር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሰባት ዓመት ደግሞ በፊት፤ ሥራው ራሱ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ያን ቀን ማታ መጸዳጃ ቤት መሄድ እንደሚያስፈልግህ የሚጮህ ስሜት ይሰማሃል፤ ሂድ ሂድ ይልሃል። ውስጥህ ያለው ግን የታሰረው ሥጋ ነው እንጂ ሰገራ አይደለም፤ ብታምጥ ቀለበቷን ታስወልቃለህ። ፓራሲታሞል ወሰድኩ፤ አስፒሪንና መሰሎቹ ደም ስለሚያቀጥኑ ተከልክዬ ነበር። ባለቤቴ ሰማያዊውን የልብስ ሳፋ አጥባ ለብ ያለ ውኃ ሞላችበት። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጉልበቴ ጆሮዬን እስኪነካ ታጥፌ ተቀመጥኩ። ትንሿ ልጄ በሩን አንኳኩታ «አባ፣ በልብስ ሳፋ ምን ትሠራለህ?» አለች። «ወገቤን» አልኳት። ልማድ ነው።

በሰባተኛው ቀን ትንሽ ደም አየሁ። እንደምታይ ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ቀለበቶቹ የያዙትን ይዘው ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃሉ፤ የእኔዎቹ መቼ እንደወደቁ አላየሁም፣ እንደዚያች የጣቴ እንክብል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ ከፍ እያለ የሚሄድ ሕመም፣ ሽንት መከልከል። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ጠዋትን ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ቀለበቷ ግን የአኗኗሬን እዳ አልከፈለችልኝም። ዶክተሯ ስለ ምግቤ ስትጠይቀኝ በኩራት «ጤፍ ነው የምበላው» አልኳት፤ ጤፍ አሰር እንዳለው አንብቤያለሁና። «ውኃስ?» አለች። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የቢሮው መጸዳጃ ቤት ሦስት ፎቅ ወርዶ ስለሆነ ቀኑን በሁለት ማኪያቶ እገፋዋለሁ። በጾም ወራት ደግሞ ነገሩ ይገርማል፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ክኩ ለአንጀት ከዚህ የተሻለ ማዕድ የለም፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዲት ጠብታ ሳልጠጣ ስለምውል ያ ሁሉ አሰር በደረቁ ይቀራል። አሰር ያለ ውኃ ጭቃ ሳይሆን ጡብ ይሠራል። አሁን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የማካክሰውን በጠርሙስ ቆጥሬ ነው የምጠጣው። ማታ ማታ ተልባ ውኃ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት እጠጣለሁ፤ እናቴ ይህን ከሠላሳ ዓመት በፊት ነግራኝ ነበር። በርበሬን ተውኩ እንዳልል፣ አልተውኩም። በርበሬ ኪንታሮት አይፈጥርም ተብያለሁ፤ የሚያቃጥለው ሰው ይቀንስ። ማረሚያ ወረቀት ግን ከመጸዳጃ ቤት በር ውጭ ይቀራል። ስልክም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ፣ ካልመጣ መነሣት፤ የልጆችን አጭር በርጩማ ከእግር ሥር አድርጎ ጉልበትን ከፍ ማድረግም ማማጡን ያቀልላል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሌዘር ነው። ምሰሶዎቹ በኮሪደር ልማቱ ከተቀየሩ ወዲህ በመንገዴ ላይ የወረቀት ማስታወቂያው ቀንሷል፤ ሐረጉ ግን አልሞተም፣ ወደ ስልካችን ገባ። «ኪንታሮት በሌዘር፣ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ሕመም፣ ባንድ ቀን።» ፊደሉ አሁን እንከን የለበትም፤ እኔም የማርመው አላገኘሁም። ሌዘር የሐሰት ሕክምና አይደለም። ቀጭን ገመድ ወደ ኪንታሮቱ ገብቶ ከውስጥ በሙቀት ያሟሽሸዋል፤ ከቢላ በኋላ ካለው ሕመም በእርግጥ ያነሰ ነው። ግን ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ዋጋው ከላስቲክ ጋር አይወዳደርም፣ እንደ ማሰሪያው ረጅም ዘመን አልተፈተነም፣ ለሁሉም ደረጃም አይሆንም። «ያለ ሕመም» የሚለውን ቃል እኔ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ።

አዲስና ውድ የሆነው ሁሉ ይበልጣል ለሚለኝ አንድ ጥናት አነሣለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት 372 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ላስቲኩን ከዶፕለሩ ጋር አወዳደረ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በላስቲክ ከታሰሩት 49 በመቶው፣ ዶፕለር ከተሠራላቸው 30 በመቶው ችግሩ ተመልሶባቸዋል። እስከዚህ ዶፕለር አሸነፈ። ነገር ግን ላስቲክ ተደግሞ ሊታሰር የሚችል ነገር ነው፤ ድጋሚው ሲታሰብ ልዩነቱ ጠበበ፣ ዶፕለር የተሠራላቸው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የበለጠ ታመሙ፣ ወጪውም ከፍ አለ። ላስቲክ ለሁሉ ይሆናል ማለቴ አይደለም። በውጭ ያለውን ኪንታሮት አይነካም፤ የእኔዋ ትንሽ የቆዳ ቅሪት ዛሬም ከቦታዋ አለች፣ ተስማምተን እንኖራለን። ድንገት ውጭ ላይ ደም ረግቶበት እንደ ወይን ፍሬ ጠቁሮ ለሚያብጠውና ለሚያሰቃየውም ሌላ መንገድ ነው ያለው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከደረሱ በአካባቢ ማደንዘዣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ከዘገዩ ደግሞ በለብታ ውኃና በማስታገሻ ራሱ ይሟሽሻል።

ላስቲክን በምሰሶ ላይ የሚለጥፍ አላየሁም። ከምስር የማትበልጥ ነገር ምን ማስታወቂያ ያስፈልጋታል? ማንስ ያተርፍባታል? ስለዚህ «ያለ ቀዶ ጥገና» የሚለው እውነተኛ ሐረግ ለዓመታት በዱቄት ሻጮች እጅ ቆየ፣ አሁን ደግሞ በሌዘር አሻሻጮች እጅ ገባ። ጋሼም እኔም ያንን ሐረግ አምነን ነው የተነሣነው። ሐረጉ አልዋሸንም፤ የያዙት ሰዎች ናቸው።

ለሦስተኛው ቀለበት በስድስተኛው ሳምንት ተመለስኩ። ኮሪደሩ ያው ነው፤ ካርድ ክፍሉም ያንኑ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሦስት ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ አግዳሚው ግማሹ ባዶ ነው። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ትራስም አልያዝኩም። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ሰውዬ፣ ዕድሜው ከእኔ ትንሽ ያነሰ፣ የባንክ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወንበሩን አየ።

«ወገብዎን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይደለም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኘ። «ያማል?»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ሰዓት ሣልኩለት።